ያልተዘጋ መዝገብ

ዓርብ አመሻሽ ላይ ያስነሳነው ፕሮግራም ሰኞ ረፋድም ሥራ ላይ ነበር። ወደ ስልሳ በሚጠጉ የጭነት መኪኖች ላይ የተገጠሙ ጂፒኤሶች በየ30 ሰከንዱ መልእክት ይልካሉ፤ ፕሮግራሙ ይቀበልና መኪናው የት እንዳለ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ ሞተሩ በርቶ ይሁን ጠፍቶ በአንዲት መስመር ይጽፋል። ሾፌሩ ሞጆ ምሳ ላይ ቢሆን፣ ጋላፊ ሰልፍ ይዞ ቢያድር መስመሯ አትቋረጥም። የሚጽፈው ጥግ ላይ በተደረደሩ አራት ኮምፒውተሮች ላይ ነው። አራቱን እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ አድርጎ የሚያሠራቸው ሃዱፕ የሚባል ሶፍትዌር ነበር። ነገሩ ከሆነ አሥር ዓመት አልፎታል።

«ፋይሉ ዜሮ ባይት ነው እኮ የሚለው» አለች የሥራ ባልደረባዬ።

«የቱ ፋይል?»

«የኛው ነዋ! ና እየው።»

ሄጄ አየሁ። በአንደኛው መስኮት የፕሮግራሙ ቆጣሪ ከ450 ሺህ በላይ መስመር እንደጻፈ ይናገራል። በሌላኛው የፋይሎቹ ዝርዝር ስሙን፣ ባለቤቱን፣ የተከፈተበትን ቀን ካሳየ በኋላ መጠኑ ላይ ሲደርስ ድርቅ ብሎ 0 ይላል። ፕሮግራሙን አጥፍተን እንደገና ብናስነሳውስ አልኩ። «ተወው፣ ከነካኸው የያዘውንም ይጥለዋል» አለችኝ። ተሳስታ ነበር። በዚያች ሰዓት በሥርዓቱ ዘግተነው ቢሆን ኖሮ አንዲት መስመር አትጠፋም ነበር። እኔም ከእሷ የተሻለ አላውቅምና ቡና እየጠጣን እናስብበት ተባብለን ወጣን።

ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ መብራት ሄደ። ተመልሰን ስንሮጥ ዩፒኤሱ እየጮኸ ነው። «አባባ፣ ጀነሬተሩን ያስነሱልን እንጂ!» አልናቸው ጥበቃውን። «ልጆቼ፣ ናፍጣው ቅዳሜ ነው ያለቀው። ለሒሳብ ክፍል ነግሬ ነበር።» ዩፒኤሱ ትንሽ ጮኸና ዝም አለ። ከእሱ ጋር አራቱም ማሽኖች ዝም አሉ።

ማታ መብራት ተመለሰ፤ ማሽኖቹም ተነሱ። ፋይሉ አለ። ስሙ አለ፣ ዓርብ የተከፈተበት ሰዓት አለ፣ መጠኑም ያው 0 ነው። ልዩነቱ ይህኛው ዜሮ እውነተኛ ዜሮ መሆኑ ነው።

*

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ስንባል አድገናል። ኮምፒውተር ግን «ጻፍኩ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ገና በቃሉ ነው የያዘው። አንዲት መስመር ከፕሮግራሙ አፍ ወጥታ ዲስክ ላይ እስክታርፍ የምታልፍባቸው እጆች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም እጅ «ተቀብያለሁ» ይላል እንጂ «አድርሻለሁ» አይልም።

የመጀመሪያው እጅ የፕሮግራሙ የራሱ ነው። ጉልት የተቀመጠች ሴት አሥር ብር በተቀበለች ቁጥር ተነስታ ባንክ አትሄድም፤ መቀነቷ ላይ ትቋጥራለች። ፕሮግራምም እንዲሁ ነው፤ መቀነቱ ባፈር ይባላል። በሲ ቋንቋ ኮድ የጻፈ ሁሉ የሚያውቃት አንድ ግራ የምታጋባ ነገር አለች። ፕሮግራሙ ስክሪን ላይ ሲጽፍ በየመስመሩ ይለቃል። ያንኑ ፕሮግራም ወደ ፋይል ጻፍ ሲሉት ግን ጥቂት ኪሎባይት እስኪሞላ ድረስ ቋጥሮ ይቆያል። ስለዚህ ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር ሲታይ ይውላል፤ ፋይሉ ሲከፈት ባዶ ነው።

ሁለተኛው እጅ የማሽኑ ስርዓት ነው። ሊኑክስ ከፕሮግራሙ የተቀበለውን ወዲያው ዲስክ ላይ አያሳርፍም፤ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጠዋል። ካልነኩት በስተቀር በየ5 ሰከንዱ የሚነቃ ሠራተኛ አለው። እሱም ከ30 ሰከንድ በላይ የቆየውን እየለቀመ ወደ ዲስክ ያወርዳል። አሁኑኑ አውርድልኝ የሚል ፕሮግራም ኤፍሲንክ የሚባለውን ትእዛዝ መጥራት አለበት። ካልጠራና መብራት ከሄደ፣ የመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ ሥራ ዕጣ ፈንታው አይታወቅም። ዲስኩም ራሱ ውስጡ ትንሽ ሜሞሪ አለው፤ እሱን ግን እንለፈው።

አንድ ማሽን ብቻ ሲሆን ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። ፋይሉ በብዙ ማሽኖች ላይ የሚቀመጥ ሲሆን ግን ሌላ ሰልፍ ይጀመራል። በሃዱፕ ፋይል ስርዓት (ኤችዲኤፍኤስ) ዳታው 64 ኪሎባይት በሚያህሉ እሽጎች ተከፋፍሎ ለመጀመሪያው ማሽን ይሰጣል። እሱ ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው ያቀብላል፤ ፎቅ ላይ ብሎኬት እንደሚያቀባብሉ የቀን ሠራተኞች ማለት ነው። «ደረሰኝ» የሚለው ቃል ከመጨረሻው ተነስቶ በዚያው መንገድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሦስት ቅጂ፣ ሦስት ምስክር። አንዱ ማሽን ቢሞት ሁለቱ ይመሰክራሉ።

ይህን ሁሉ የሚያስተዳድር ደግሞ ኔምኖድ የሚባል አንድ ማሽን አለ። ዳታው በእሱ እጅ አያልፍም። እሱ መዝገብ ቤት ነው፤ የትኛው ፋይል ከየትኞቹ ሳጥኖች እንደተሠራ፣ ሳጥኖቹም የትኛው መጋዘን እንዳሉ ብቻ ያውቃል። የኛ ጣጣ እዚህ ጋ ነበር። በዚያ ዘመን ስሪት አንድ ሳጥን 64 ሜጋባይት ይይዝ ነበር፤ የኛ 450 ሺህ መስመር ተደምሮ 36 ሜጋባይት ገደማ ነው። የመጀመሪያው ሳጥን ገና አልሞላም። መዝገብ ቤቱ የሚቆጥረው ሞልቶ የታሸገውን ነውና በእሱ ዘንድ መጠናችን 0 ነበር። ቆጣሪውም ዝርዝሩም እውነታቸውን ነበር ለካ፤ አንዱ የሰጠውን ይቆጥራል፣ አንዱ ደግሞ የመዘገበውን።

የባሰው ነገር በኋላ መጣ። መዝገብ ቤቱ ስለ ክፍት ፋይል የሚያውቃቸውን ሳጥኖች በሜሞሪው እንጂ በዲስክ ማስታወሻው ላይ አላሰፈረም ነበር። የሚያሰፍረው ፋይሉ ሲዘጋ፣ ወይም ፕሮግራሙ ራሱ አስፍርልኝ ብሎ ሲጠይቅ ነው። እኛ አልዘጋን፣ አልጠየቅንም። ስለዚህ መብራት ተመልሶ መዝገብ ቤቱ ሲነቃ የሚያውቀው «በዚህ ስም ዓርብ ዕለት አንድ ፋይል ተከፍቷል» የሚለውን ብቻ ሆነ። መጋዘኖቹ እየተነሱ «እኛ ጋ ይህን ቁጥር የያዘ ሳጥን አለ» ሲሉት መዝገቡን አገላብጦ ባለቤት የሌለው ዕቃ ነው አለ። ባለቤት የሌለው ዕቃ ደግሞ ይሰረዛል። ይህን ከሳምንት በኋላ የመዝገብ ቤቱን ሎግ ሳገላብጥ ነው ያገኘሁት፤ ሳጥኑ የማንም ፋይል አይደለምና ይጥፋ የምትል አንዲት ደረቅ መስመር። ዳታችንን መብራት አላጠፋውም። በአብዛኛው ዲስክ ላይ ደርሶ ነበር። ያጠፋው፣ ሥርዓቱን ጠብቆ፣ ራሱ ጠባቂው ነው።

ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው «መዝገቡ ተዘግቷል፣ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» የምትለውን ትእዛዝ ያውቃታል። እስክትባል ድረስ ያለው ሁሉ ክርክር ነው።

*

እንዲህ ያለ ነገር ማን አስቦ ሠራው ብሎ መናደድ ቀላል ነው፤ እኔም ተናድጃለሁ። ታሪኩን ሳየው ግን ንዴቴ በረደ።

በፈረንጅ አቆጣጠር (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወራት ሁሉ በዚያው ናቸው) በ2003 ጥቅምት ወር፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ቦልተን ላንዲንግ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ በተደረገ ጉባኤ ሳንጄይ ጌማዋት፣ ሃዋርድ ጎቢዮፍና ሹን ታክ ሌውንግ የሚባሉ ሦስት የጉግል መሐንዲሶች ስለ ኩባንያቸው ፋይል ስርዓት ጽሑፍ አቀረቡ። ውድ ማሽን አንገዛም፣ ርካሽ ማሽን በብዛት እንገዛለን፤ ማሽን መሞቱ አደጋ ሳይሆን የዘወትር ነገር ነው ብለን እንነሳለን የሚል ነበር ሐሳቡ። ፋይል በ64 ሜጋባይት ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በሦስት ማሽን ላይ ይቀመጣል። አንድ ጌታ ማሽን ደግሞ መዝገቡን ይይዛል። ያኔ «ነች» ተብሎ የሚጠራ ክፍት የድረ ገጽ መፈለጊያ ይሠሩ የነበሩት ደግ ካቲንግና ማይክ ካፋሬላ ጽሑፉን አንብበው የራሳቸውን ጻፉ። በ2006 ሥራው ራሱን ችሎ ሃዱፕ ተባለ፤ ያሁም ካቲንግን ቀጥሮ ገፋበት። ስሙ የካቲንግ ልጅ ከጨርቅ ለተሠራ ቢጫ ዝሆን መጫወቻው ያወጣለት ነው። በዓለም ትላልቅ ኩባንያዎች የሒሳብ መዝገብ ውስጥ የገባ የሕፃን ልጅ ቃል ነው እንግዲህ።

የጉግሉ ስርዓት ከመጀመሪያውም ፋይል ጫፍ ላይ እየጨመሩ መጻፍን ይፈቅድ ነበር። ዝሆኑ ግን ይህን ትቶ ተወለደ፤ አንዴ ጻፍ፣ ዝጋ፣ ከዚያ አትንካ። ምክንያት ነበረው። የተሠራው አንድን ትልቅ ሥራ በሺህ ቁራጭ ከፍሎ ለሺህ ማሽን ለሚያድል ስሌት ነው። አንዱ ማሽን መሃል ላይ ቢሞት ቁራጩን ሌላው ከመጀመሪያው ይደግመዋል። በዚህ አሠራር በግማሽ የቀረ ውጤት ማንም አይፈልገውም። ቢታይማ ጉዳት ነው፤ አንዱ ግማሹን ያነብና ሙሉ መስሎት ይደምረዋል። ስለዚህ ያልተዘጋ ፋይል እንደሌለ መቆጠሩ ጥበቃ ነው። ይህን ውሳኔ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ። ስህተቱ የኛ ነበር፤ ለሚጀምርና ለሚያልቅ ሥራ የተሠራ ቤት ውስጥ የማያልቅ ሥራ አስገባን።

የማያልቀውን ሥራ ያስገባነው ግን እኛ ብቻ አልነበርንም። ኤችቤዝ የሚባለው ዳታቤዝ በሃዱፕ ላይ ተሠርቶ ነበር። ዳታቤዝ ማንኛውንም ለውጥ ከማድረጉ በፊት በአንድ ሎግ ላይ ያሰፍራል፤ ቢወድቅ ያንን አንብቦ ይነሳል። ይህ ሎግ በባሕርዩ ክፍት ነው፤ ዳታቤዙ በሕይወት እስካለ የሚጻፍበት አንድ ክፍት ፋይል ሁልጊዜ አለ። በሚዘጋ ፋይል ብቻ በሚያምን ስርዓት ላይ ሲቀመጥ ደግሞ የሚያስፈልገው ቀን፣ ማለትም ማሽኑ የሚሞትበት ቀን፣ ባዶ ሆኖ ይገኛል። በሃዱፕ 0.19 ስሪት ጫፍ ላይ መጨመር ተፈቀደ፤ ግን ጉድለቱ በዛና ወዲያው ተዘጋ። የኤችቤዝ ሰዎች በ0.20 ስሪት ላይ የራሳቸውን ቅርንጫፍ አበጅተው ዓመት ከምናምን ተንገላቱበት። ፌስቡክ በኅዳር 2010 አዲሱን የመልእክት አገልግሎቱን በኤችቤዝ ላይ ሲያቆም ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ቅሬታ መሆኑ ቀረ።

መልሱ ኤችዲኤፍኤስ-265 በሚል ቁጥር በተመዘገበ ሥራ፣ በዚያው በ2010 በወጣው 0.21 ስሪት መጣ። ሁለት ትእዛዞች ይዞ። የመጀመሪያው ኤችፍለሽ ነው (ከኪሳችን ፍላሽ ጋር ዝምድና የለውም)። ሲጠራ፣ እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ለሦስቱም ማሽን ሜሞሪ እስኪደርስ ፕሮግራሙን ያስጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ማንኛውም አንባቢ ያንን ያያል። ሁለተኛው ኤችሲንክ ነው፤ ሜሞሪ አይበቃኝም፣ ሦስቱም ዲስክ ላይ ይውረድልኝ የሚል። በወረቀት ልዩነቱ ግልጽ ነው። በኮዱ ግን ኤችሲንክ እስከ 2012 ድረስ የኤችፍለሽ ሌላ ስም ብቻ ሆኖ ቆይቷል። «ዲስክ ላይ አድርስልኝ» ብሎ የለመነ ፕሮግራም «እሺ» ተብሎ ሜሞሪ ላይ ይቀመጥለት ነበር።

ለምን ቸል አሉት? ሦስት ማሽን፣ ያውም በተለያየ መደርደሪያ ላይ ያሉ፣ በአንድ ጊዜ መብራት ይጠፋባቸዋል ብሎ ማሰብ ለካሊፎርኒያ ዳታ ሴንተር መሐንዲስ ሩቅ ነገር ነው። ሜሞሪ ሦስት ቦታ ካለ በቂ ነው ቢል አይፈረድበትም። የኛ ሦስት ምስክሮች ግን አንድ ማከፋፈያ ላይ ነበር የተሰኩት፤ ማከፋፈያው ደግሞ ባትሪው ባረጀ አንድ ዩፒኤስ ላይ። ምስክር ሦስት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ሦስቱ አንድ ቤት ካደሩ እንደ አንድ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዛሬም ድረስ ሰው ያደናግራል። ኤችፍለሽ ወይም ኤችሲንክ ተጠርቶ፣ ዳታው በሰላም ተቀምጦ፣ ዝርዝሩን የሚያሳየው ኤልኤስ ግን የድሮውን መጠን፣ አንዳንዴም 0 ሊያሳይ ይችላል። ጸሐፊው ፕሮግራም የፋይሉን ርዝመት አድስ ብሎ ለይቶ ካልጠየቀው በቀር መዝገብ ቤቱ ስለ ክፍት ሳጥን በየጊዜው አይጠይቅም። ፋይሉን ከፍቶ የሚያነብ ሰው ግን ቀጥታ መጋዘኑን ይጠይቃልና ሁሉንም ያገኛል። በዜሮ የሚደነግጥ ሰው አስቀድሞ ከፍቶ ያንብብ። እኛ ከፍተን አላነበብንም፤ አንብበን ቢሆን ቢያንስ የምንፈራውን እናውቅ ነበር።

*

ያልተዘጋ ፋይል ሌላም መዘዝ አለው፤ ጸሐፊው ሞቶ ፋይሉ በስሙ እንደተያዘ ሊቀር ይችላል። ሃዱፕ አንድን ፋይል በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ እንዲጽፍበት የኪራይ ውል ይሰጣል። ጸሐፊው በየ30 ሰከንዱ «አለሁ» እያለ ውሉን ያድሳል። አንድ ደቂቃ ዝም ካለ ሌላ ጸሐፊ መጥቶ ፋይሉን ልረከብ ማለት ይችላል። ማንም ካልመጣ መዝገብ ቤቱ በዚያ ዘመን አንድ ሰዓት ሙሉ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው በራሱ ተነስቶ ሦስቱን መጋዘን «እናንተ ጋ ምን ያህል ደርሷል?» ብሎ ጠይቆ በአንድ ርዝመት አስማምቶ የሚዘጋው። ሰው እንደሞተበት ቤት ነው፤ ወራሽ እስኪጣራ ቁልፉ አይሰጥም።

አስቸጋሪው ግን የሞተው አይደለም፤ ሳይሞት የደነዘዘው ነው። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች ክር ይባላሉ፤ ውሉን የሚያድሰው ክር እና ሥራውን የሚሠራው ክር የተለያዩ ናቸው። ሥራው ቆሞ እድሳቱ ሊቀጥል ይችላል። ኪራይ በሰዓቱ ይከፈላል፣ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም።

*

የዝሆኑን ዘመዶች፣ ሌሎቹን የፋይል ስርዓቶች ማለቴ ነው፣ ስናይ እያንዳንዱ «መቼ ነው የተቀመጠው?» ለሚለው ጥያቄ የየራሱ መልስ አለው።

በ1980ዎቹ ፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኤኤፍኤስ ፋይሉን ወደ ተጠቃሚው ማሽን አምጥቶ እዚያው ያሠራል፤ ወደ ሰርቨሩ የሚመልሰው ሲዘጋ ነው። ለተማሪ የቤት ሥራ ግሩም ነው። ለሳምንታት ለሚሠራ ስሌት ግን ወጥመድ አለበት። ወደ ሰርቨሩ ለመግባት የሚያስፈልገው የይለፍ ቲኬት በሰዓታት የተወሰነ ዕድሜ ነው ያለው። ፕሮግራሙ ሰኞ በተሰጠው ቲኬት ገብቶ ሐሙስ ፋይሉን ሊዘጋ ሲል ቲኬቱ አልፎበታል። ስህተቱ የሚመለሰው ደግሞ ፋይል ዝጋ ለሚለው ትእዛዝ ነው። ልንገርህ አንባቢ፣ ዝጋ የሚለውን ትእዛዝ ጠርቶ መልሱን የሚያነብ ፕሮግራመር ጥቂት ነው። ምን መልስ አለው ብለን ነው የምናስበው፤ በር ዘግቶ የሚጠይቅ ማን አለ?

ከሁሉ የምወደው የኤንኤፍኤስን መልስ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1980ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ሁለተኛ ስሪት እጅግ ጠንቃቃ ነበር፤ ሰርቨሩ ዲስክ ላይ ሳያሳርፍ «ተቀብያለሁ» እንዳይል ታዞ ነበር። ስለዚህ ይንቀራፈፋል። በ1995 የወጣው ሦስተኛ ስሪት መሃሉን አገኘ። ሰርቨሩ «ይዤዋለሁ፣ ግን ገና ሜሞሪ ላይ ነው» ብሎ በግልጽ ይመልሳል፣ መልሱም ላይ አንድ ማኅተም ያትማል። ተጠቃሚው ማሽን ቅጂውን አይጥልም። ቆይቶ «አጽድቅልኝ» ይላል፤ ሰርቨሩ ዲስክ ላይ አውርዶ በዚያው ማኅተም ይመልሳል። በመሃል ሰርቨሩ ወድቆ ከተነሳ ማኅተሙ ይቀየራል። ተጠቃሚው የተቀየረ ማኅተም ሲያይ ነገሩ ይገባዋል፤ ያላጸደቀውን ሁሉ እንደገና ይልካል። እዚህ «ተቀብያለሁ» እና «አድርሻለሁ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ሆነው በሕግ ተጽፈዋል።

አማዞን ኤስ3 የሚባለው የደመና ማከማቻ ደግሞ ክርክሩን ከሥሩ ቆርጦታል፤ እዚያ ክፍት ፋይል የሚባል ነገር የለም። ትልቅ ነገር የሚልክ ሰው ቢበዛ 10,000 በሚደርሱ ክፍሎች ይልካል። በመጨረሻ «ጨርሻለሁ» ሲል ብቻ ሁሉም አንድ ላይ ይታያል። ሳይል ከሞተ ምንም አይታይም፤ የላካቸው ክፍሎች ግን መጋዘን ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ኪራያቸውም ይቆጠራል። ሃዱፕን ከኤስ3 ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር በድሮው ስሪት ኤችፍለሽ ሲጠራበት ምንም ሳያደርግ ያልፍ ነበር፤ በኋላ «አልችልም» ብሎ ስህተት መመለስ ጀመረ። ብዙ ሰው በዚህ ተማሯል። እኔ ግን ከሚያባብል እሺታ እንቢታ ይሻለኛል።

*

እስካሁን ያየነው ረጅም ሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም የጻፈው ሲጠፋ ነው። የሚያነበው ሲቀየርበትስ?

ታኅሣሥ 2021፣ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ፣ ጃፓን። የዩኒቨርሲቲው ሱፐር ኮምፒውተር ላይ ከ10 ቀን በላይ የቆዩ ሎጎችን እየለቀመ የሚያጠፋ፣ የመጠባበቂያ ስርዓቱ አካል የሆነ የባሽ ስክሪፕት ነበር፤ ሥራው ረጅም ነው። የማሽኑ አቅራቢ መሐንዲሶች ስክሪፕቱን አሻሻሉ፤ አንዳንድ ስሞችንም ለንባብ እንዲመቹ ለወጡ። አዲሱን ፋይል አሮጌው ላይ ገለበጡት፤ አሮጌው ግን እየሠራ ነበር። ባሽ ስክሪፕትን አንድ ጊዜ አንብቦ አይጨርስም፤ እየሠራ፣ እየቀጠለ ያነባል። መሃል ላይ የቀጠለው አዲሱን ሆነ። በአዲሱ ውስጥ የማጥፊያው ትእዛዝ አቃፊውን የሚያገኘው በስም ነው፤ ያ ስም የሚሰየመው ግን ባሽ አስቀድሞ ባለፈው የመጀመሪያ ክፍል ላይ ነበር። ስሙ ባዶ ሆኖ ተገኘ። የሎጎቹን አቃፊ አጽዳ የሚለው ትእዛዝ የተመራማሪዎቹን ማከማቻ አጽዳ ሆነ።

ከ14 እስከ 16 ታኅሣሥ ባሉት ቀናት 77 ቴራባይት ገደማ፣ 34 ሚሊዮን ያህል ፋይል ጠፋ። 14 የምርምር ቡድኖች ተጎዱ፤ የአራቱን ከመጠባበቂያ ቅጂም መመለስ አልተቻለም። አቅራቢው ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የራሱ መሆኑን በጽሑፍ አምኖ ዩኒቨርሲቲው ይፋ አድርጎታል። ስክሪፕቱ ስህተት አልነበረበትም፤ አሮጌውም አዲሱም ለየብቻቸው ትክክል ነበሩ። መጠባበቂያ ስርዓት ሊያድነው የሚገባውን ነገር በራሱ እጅ ማጥፋቱን ሳነብ የኛ መዝገብ ቤት ያቺን ደረቅ መስመር የጻፈበት ሎግ ትዝ አለኝ።

*

እንግዲህ በየስንት ጊዜው ማስቀመጥ ይገባል? በየመስመሩ ኤችሲንክ የጠራ ፕሮግራም ሥራውን ትቶ ዲስክ ሲጠብቅ ይውላል። በየሳምንቱ የሚጠራ ደግሞ ሳምንት ይከስራል። ጆን ያንግ የሚባል ሰው በ1974 ይህን በአንዲት አጭር ቀመር አስቀምጦታል። ሥራውን ለማስቀመጥ የሚፈጀውን ጊዜ፣ በሁለት ብልሽት መካከል ባለው አማካይ ጊዜ አባዛ፤ ያንን በ2 አባዛ፤ ስኩዌር ሩቱን ውሰድ። ያ ነው በሁለት ማስቀመጫ መካከል ሊኖር የሚገባው ጊዜ።

የቅርብ ጊዜ ምሳሌ እንውሰድ። ሜታ ትልቁን ላማ 3 የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሞዴል ሲያሠለጥን 16,384 ግራፊክስ ፕሮሰሰሮችን አንድ ላይ አሰልፎ ነበር። በ2024 ባወጣው ጽሑፍ እንደዘገበው በ54 ቀናት ውስጥ ሥራው 466 ጊዜ ተቋርጧል፤ ከእነዚህ 419 ያልታሰቡ ናቸው። በአማካይ በየሦስት ሰዓቱ አንድ ማለት ነው። ከሁሉም አንዱ ሲበላሽ ሁሉም ይቆማል፤ ከዚያ መጨረሻ ከተቀመጠው ተነስቶ ይደገማል። አንዴ ማስቀመጥ 2 ደቂቃ ይፈጃል ብንል (ቁጥሩ የኔ ግምት ነው፣ ለስሌቱ)፣ የያንግ ቀመር 27 ደቂቃ ገደማ ይሰጣል። የሚገርመው የስኩዌር ሩቱ ነገር ነው፤ ማስቀመጫውን በአራት እጥፍ ብታፈጥነው በእጥፍ ብቻ ነው አዘውትረህ እንድታስቀምጥ የሚመክርህ። ሜታ ለዚህ ሥራ 240 ፔታባይት የሚይዝ፣ በ7,500 ሰርቨሮች ላይ የተዘረጋ ማከማቻ አቁሟል። ሁሉም ፕሮሰሰር በአንድ ደቂቃ ላይ ተነስቶ ላስቀምጥ ሲል የሚፈጠረው ግፊያ ዋናው ራስ ምታታቸው እንደነበረም ጽፈዋል። ደመወዝ በወጣ ዕለት ባንክ በር ላይ የቆመ ያውቀዋል።

የኛ ስልሳ መኪና ይህን ያህል አይጠይቅም። ግን በሌላ አቅጣጫ ወሰን አለው። ቶሎ ቶሎ እንዝጋ ብንል ትናንሽ ፋይሎች ይበዛሉ፤ እያንዳንዱ ፋይልና እያንዳንዱ ሳጥን ከመዝገብ ቤቱ ሜሞሪ ወደ 150 ባይት ይወስዳል ይባላል። 150 ባይት ምንም አይደለም፤ በየደቂቃው ለዓመታት ሲሆን ግን መዝገብ ቤቱ ወረቀት ሞልቶት መተንፈሻ ያጣል። ፍሉም የሚባለው ሎግ ሰብሳቢ ሶፍትዌር ካልነኩት በየ30 ሰከንዱ ወይም በየ10 መልእክቱ አዲስ ፋይል ይከፍታል። ይህን ሳይቀይር ያስነሳ ሰው በማግስቱ በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች ይጠብቁታል።

እኛ ከዚያ ሰኞ በኋላ የወሰንነው ቀላል ነበር። በየሰዓቱ ፋይሉ ይዘጋል፣ አዲስ ይከፈታል። በመሃል በየደቂቃው ሲንክ (የተጻፈውን አድርስ የሚለው ትእዛዝ) ይጠራል። ክፍት የሆነው ፋይል ስሙ መጨረሻ ላይ ቲኤምፒ የሚል ጅራት ይኖረዋል፤ ሲዘጋ ጅራቱ ይቆረጣል፣ ያኔ ብቻ ነው ሌላ ፕሮግራም እንዲያነበው የሚፈቀደው። ዝጋ የሚለው ትእዛዝ የሚመልሰውን ስህተት ማንበብም ጀመርን። መዝገብ ቤቱ ለብቻው ሌላ ዩፒኤስ ተገዛለት። ናፍጣውንም ባልደረባዬ ራሷ ዓርብ ዓርብ በእንጨት እየለካች ታይ ነበር።

አዲሱን ኮድ ያስነሳን ማታ ሁለታችንም ቢሮ አመሸን። የፋይሉ ስም ላይ ያለው ሰዓት የማሽኑ፣ በግሪንዊች አቆጣጠር ነውና 17 ይላል፤ የእሷ የእጅ ሰዓት ለ3 ጥቂት ጉዳይ። ኤልኤስ ጻፈች። ቲኤምፒ፣ 0። ትንሽ ቆይታ ደገመችው። ቲኤምፒ፣ 0። «ሲንክ እየጠራ ነው አይደል?» አለችኝ፤ ነው አልኳት። ከፍታ ስታነበው መስመሮቹ አሉ፤ የመጨረሻው መኪና አዋሽ አካባቢ፣ ሞተሩ በርቶ፣ ፍጥነቱ 0። በሩ ላይ ጋቢያቸውን የደረቡት ጥበቃ ብቅ አሉ።

«አልጨረሳችሁም እንዴ ልጆቼ? ታክሲ ያልቅባችኋል።»

«አባባ፣ አንዴ ይጠብቁን፤ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው» አለቻቸው፤ ጣቷን ቁልፉ ላይ እንዳደረገች።